ከኮባ ሥር የቀበርነው ወይን

ቀይ ወይን ሲቆይ ይሻላል ያለኝ ጓደኛዬ ነው። «ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል» አለኝ፤ አመንኩት። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወይ ሁሉን ያምናል፣ ወይ ማንንም አያምንም። እኔ እንደ ቀኑ ነበርኩ።

ወይኑን ያገኘነው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከሚዘጋ ሆቴል ነው። ባለቤቷ ወንበሩን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሳህኑን በረንዳ ላይ ደርድራ ትሸጥ ነበር። ከዕቃው መሀል አንድ ካርቶን ቀይ ወይን ነበር። የአገር ውስጥ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ቡና ቤት ውስጥ ከለስላሳ ጋር ቀላቅለው የሚጠጡት ዓይነት። ለሁለት ገዛነው።

ጓደኛዬና እኔ ቴፒ የቡና እርሻ ውስጥ አብረን ያደግን የለቃሚ ልጆች ነን። እሱ ተማረ፣ እኔ ጆንያ ተሸከምኩ። አድጎ ሚዛን ከተማ ለአንድ ነጋዴ ቡና ቀማሽ ሆነ። ሥራው ላላየው ሰው ያስቃል፤ የተፈላውን ቡና በማንኪያ ያነሳል፣ በጩኸት ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያዞረዋል፣ ይተፋዋል። ከዚያ ደረጃውን ይናገራል። እኛ አገር የገበሬ ዓመት በዚያ እንትፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚያድረው። እሱ ደግሞ ይችልበት ነበር። ጆንያው ሳይፈታ ቡናው ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ ማደሩን ይነግርህ ነበር።

ወይኑን የምናስቀምጥበት ግን ቸገረን። የቴፒ ሙቀት እንኳን ወይን ሰው ያኮመጥጣል። ባለቤቴ ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ መጠጥ ደጇን አይረግጥም።

«ቤቴ አይገባም» አለች። «ግን የሚቆይ ነገር ነው ካላችሁ ለምን አትቀብሩትም?»

እሷ ቆጮን አስባ ነው። በእናቷ አገር እንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይከርማል። በከረመ ቁጥር ይጣፍጣል እንጂ አይበላሽም። እኛም ነገሩ ገባን። ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮባ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን፣ ጠርሙሶቹን በቅጠሉ ጠቅልለን አስተኝተን፣ አፈር መለስንባቸው። ወይንን እንደ ቆጮ የቀበረ ከእኛ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

በየዓመቱ የመጨረሻው ቡና ከማድረቂያው አልጋ ሲነሳ ጓደኛዬ ይመጣል፤ አንድ ጠርሙስ እናወጣለን። ቅምሻው በቡና ሥርዓት ነው። ማንኪያ፣ ጩኸት፣ የምንተፋበት ጣሳ። ፍርድ ሳይሰጥ የሚጠጣ የለም። ሁልጊዜ የሚፈርደው እሱ ነው፣ እኔ «አዎ» ነበር የምለው።

በመጀመሪያው ዓመት «አፍ ይጨብጣል፣ ጥሬ ነው፣ ጠባዩ የጎረምሳ ነው» አለ። በሚቀጥለው «ረጋ ብሏል» አለ። ከዚያ በኋላ የቀመስነው ከሁሉ የተሻለው ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየና «ኮረሪማ» አለ። «ከሥሩ ኮረሪማ አለው። ፈልገው።» ፈለግኩት፤ እውነትም ነበር። ያን ቀን ጠርሙሱን ጨርሰን ኮባው ሥር ተኝተን ዋልን፤ ባለቤቴም እየገላመጠችን ዋለች።

በዚያው ሰሞን ነው በጎልማሶች ትምህርት ማታ ማታ ፊደል የጀመርኩት። ፀጉሬ ሸብቶ ነበር። ፊደሉን ስለይ የባዶውን ጠርሙስ አፈር ጠርጌ ጽሑፉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ከተለያዩ የወይን ዘሮች ተቀላቅሎ የተዘጋጀ። በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።» ሌላ ነገር የለም።

«ሲቆይ ይሻላል የሚለው የታለ?» አልኩት ሲመጣ።

«አሁን ማን አንብብ አለህ?» ብሎ ሳቀ። «እንደዚያ ባልልህ እኮ በዚያው ሳምንት ትጨርሰው ነበር፣ አንተ ሆዳም!»

እውነቱን ነው፣ እጨርሰው ነበር። ሳቅኩ። ግን ማንበብ የሰጠኝ የመጀመሪያ ነገር ማን እንደዋሸኝ ማወቅ ነው፤ ይኼን አልረሳሁትም።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ፤ አፍ ሸፍነን የሄድንበት ጊዜ። ጓደኛዬንም ይዞት፣ ተኝቶ ተነሳ። አንድ ዓመት ሳንገናኝ አለፈ። በሚቀጥለው ሲመጣ ጠርሙስ አወጣን። ማንኪያውን ስቦ ተፋና «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም። «ትንሽ ደክሟል መሰለኝ» አልኩ። «አዎ፣ ደክሟል» አለ ቶሎ። አከበረኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጅል!

ከዚያ ወሬ ሰማሁ። ቴፒ ገበያ ላይ አንድ ገበሬ፣ የሰፈሬ ሰው፣ የጓደኛዬን ስም እየጠራ ይሳደባል። «አፈር አፈር ይላል ብሎ የጣለውን ቡናዬን ሌላ ጋ ወስጄ አንደኛ አሉኝ። ምላሱን ውሻ ይብላው!» ገበሬ ይሳደባል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ሌላም ገበሬ እንዲሁ አለ። ያን ጊዜ «አንተስ ምን ትላለህ?» ያለኝ ትዝ አለኝ። ያ ሰው ከምላሱ ሌላ ምንም የለው። አላገባ፣ ቤት አልሠራ፣ መሬት አልገዛ። ምላሱ ከሄደ ሰውዬውም የለም።

በዓመቱ ቡናው አልቆ ሲመጣ ቆርጬ ነበር፤ አንድ ቃል አልናገርም፣ ፊቴንም አላሳይም። ጠርሙሱን ከአፈር አወጣሁት። ቡሹ እርጥበት ገብቶት በጣቴ መሀል ተፈረፈረ። ስከፍተው ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። ባለቤቴ ከጀርባው በማድ ቤቱ በር ብቅ ብላ፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። እሱ አላያትም።

ማንኪያውን ሳበ። አዞረ። ተፋ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገልጦ ፊቴን አየ። ፊቴን ግድግዳ አደረግኩት።

«አንተስ?» አለ።

«አንተ ቀማሽ ነህ፣ ተናገር።»

«አሁን ገና ደረሰ» አለ። «አሲዱ ብሩህ ነው። ምላስ ላይ ይጨፍራል። አላልኩህም? ሲቆይ ይሻላል።»

ቡና ላይ አሲድ ውዳሴ ነው። ምላሱን የወጋው ነገር እንዳለ ብቻ ተሰምቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ስለዚህ አመሰገነው። በዚያ ላይ የራሱን ውሸት ተደገፈ።

«አቼቶ ነው» አልኩት። «ሰላጣ ላይ የሚፈስ አቼቶ።»

ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «መቼ አወቅክ?»

«አሁን። ላንተስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከተኛሁ ወዲህ። አፍንጫዬ የለም። ምላሴም ጨውና መውጋት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ቡናውንስ በምን ትፈርዳለህ?»

«አጠገቤ የምትቀምስ ልጅ አለች። ፊቷን አያለሁ። እሷ ከሌለች...» አልጨረሰውም። ከዚያ «ይመለሳል ብለውኛል፤ ትንሽ ጊዜ ነው» አለ። «ለሰው አትንገር፣ ወንድሜ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያጽናናው ነበር። እኔ ማጽናናት አልችልም። «አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት። «የሰው ዓመት ነው የምትተፋው።»

ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሚኒባሱ ድረስ አልሸኘሁትም። ዛሬም ቢሆን ያንኑ እለው ነበር።

ራሱ ሄዶ አመመኝ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። አሁን ሚዛን መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ብስኩት ይሸጣል። የተመለሰለት ነገር የለም።

ዘንድሮ ቡናው ሲያልቅ የመጨረሻውን ጠርሙስ ቆፍሬ አወጣሁና ይዤለት ሄድኩ። ከነአፈሩ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«ሬሳውን ይዘህ መጣህ?» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ቀባሪው ሁለታችን ነን፣ ብቻዬን አላወጣውም።»

አልሳቀም፤ ግን ብርጭቆና ማንኪያ ፈለገ። በቢላ ከፈትነው። ያው ነው፤ ሽታው ሱቁን ሞላው፣ እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። መጀመሪያ እኔን አስቀደመኝ። በጩኸት ሳብኩ፣ ደጅ ተፋሁ።

«በል፣ ፍረድ።»

«አቼቶ ነው» አልኩ። የእሱ እጅ ብርጭቆው ላይ ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም። «ከሥሩ ግን ኮረሪማ አለው» አልኩ።

ፊቴን መረመረ። የቀረው ሙያ ያ ነው፤ ደግሞ በደንብ ተክኖበታል። «ዋሸህ» አለ።

«ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።»

ብርጭቆውን አንስቶ አቼቶውን እንደ ውሃ ጨለጠው። ፊቱ አልተነቃነቀም። አፉን ጠረገ።

አንዲት ሴት መጥታ ባንኮኒውን አንኳኳች። «ጋሼ፣ ሳሙና ይስጡኝ» አለች፣ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና። «ሽታው ደስ የሚለውን።»

ተነስቶ ወደ መደርደሪያው ዞረ። እጁን በሳሙናዎቹ ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈ፤ ከዚያ ሮዝ ቀለም ያለውን መረጠና ሰጣት።