ጎጆ አናት ላይ የተደፋው የጀርመን ቁር

የጥንት ዕቃ ሥራን የጀመርኩት ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ይዞ በነበረበት ዘመን ነው። በሙያዬ ኮርቻ ሰፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠዋት የጦር ሰፈሩ አስተርጓሚ መጥቶ «ወስፌህንና ጅማትህን ይዘህ ና፣ ሻለቃው ይፈልግሃል» አለኝ። ኮርቻ የተቀደደበት መስሎኝ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ የተደረደረው ግን ኮርቻ አልነበረም። ከጠንካራ ጥቁር ቆዳ የተሠሩ፣ አናታቸው ላይ የናስ ቀንድ የበቀለባቸው የራስ ቁሮች ነበሩ። ሳቄ አመለጠኝ። «ይሄን ደፍቶ የሚዋጋው ሰው ነው በሬ?» አልኩ። አስተርጓሚው ደነገጠ፤ ቢሆንም ተረጎመው። ሻለቃው ከእኔ ብሶ ሳቀ። በወጣትነቱ ይሄን ቁር የሚደፉትን ጀርመኖች ተዋግቶ ነበርና «በሬ ቢሆኑማ ጠምደን ባረስንባቸው» አለ።

የታዘዝኩት የተላቀቀውን ስፌት መልሼ እንድሰፋ ነበር። ናሱ ደብዝዞ ስላየሁት አመድና ሎሚ ፈልጌ ልፈትገው ስል ሻለቃው እጄን ያዘኝ። «መጀመሪያ ዕወቀው። ማጽዳት ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ።

ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ከጀርመን ክፍላተ ሀገር የፕሩሲያው ቁር ግንባሩ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለው፤ የባቫሪያው ሁለት አንበሶች የደገፉት ጋሻ። የመድፈኛ ከሆነ በቀንዱ ፋንታ ድቡልቡል ኳስ ይቀመጥበታል። ቀንዱ ሥር ያሉት የምስማር ራሶች ኮከብ ከመሰሉ የመኮንን ነው፤ ድቡልቡል ከሆኑ የተራ ወታደር። ከዚያ ገልብጦ ገበሩን ማየት ነው፤ ሐር የሚገበርለት ለመኮንን ብቻ ነው። ሰውየው የመጣው አገሬን ሊገዛ ነበር። ሙያ ያስተማረኝም እሱ ነው። ሁለቱን አስታርቄ አላውቅም፤ ዛሬም አልሞክርም።

ሻለቃው እንዲህ ያለ ቁር እንደሚሰበስብ ነጋዴው ሲያውቅ ሹል ነገር ያገኘ ሁሉ ይዞ ይመጣ ጀመር። አንዱ የፋኖስ ክዳን አመጣ። ሌላው ከጅቡቲ የመጣ፣ አናቱ ላይ እንደ ዶሮ ኩክኒ ያለ ነገር የቆመበት የናስ ቁር አመጣ። ሻለቃው አንድ ጊዜ አየት አድርጎት «የፈረንሳይ እሳት አጥፊ ነው» ብሎ ጥግ ላይ ጣለው።

አንድ ቀን ወደ ቁይ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ብዙ ሳይርቅ፣ የአንድ ጎጆ አናት ላይ ቀንድ ያለው ቁር ያበራል የሚል ወሬ መጣ። በበቅሎ ሄድን፤ አጃቢ ወታደሮችም አብረውን ነበሩ። ሻለቃው ገና ከሩቅ በመነጽሩ አየና በቅሎውን ኮለኮለ። ሙሉ በሙሉ ከናስ የተሠራ፣ ከኋላው እስከ ማጅራት የሚወርድ ጭራ ያለው፣ የከባድ ፈረሰኛ ቁር ነበር። እንዲህ ያለው በእጁ ገብቶ አያውቅም።

በኋላ እንደሰማሁት ቁሩን ለአንድ ታላቅ መስፍን የጀርመን መልእክተኞች ሰጥተውት፣ መስፍኑ ደግሞ ለወታደራቸው፣ ለጎጆው ጌታ ለአቶ ጥሩነህ ሸልመውት ኖሯል። አቶ ጥሩነህ በሠርጉ ዕለት ቢደፋው አንገቱን አመመውና ለአዲሱ ጎጆው ጉልላት አደረገው። ጉልላት፣ ለማታውቁት፣ ዝናብ በምሰሶው እንዳይገባ የጎጆ አናት ላይ የሚደፋው ነው፤ አብዛኛው ሰው የሸክላ ገንቦ ይደፋበታል።

ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ሻለቃው ቁሩን እንደሚፈልግ ሰሙ። ከዚያ «መሰላሉን አብረን እናውጣ» ብለው ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«ለማን እንደምትሠራ አውቃለሁ፤ ሌላ የምነግረው ሰው ግን የለኝም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ባሌ ለንግድ ሄዷል የምለው ውሸቴን ነው። ጫካ ነው። ከዚያ ማዶ ካለው ተረተር ላይ ሆኖ ቤቱን ያያል። በእኛ አገር እመቤቲቱ ስትሞት ጉልላቱ ይወርዳል። እሱ ከወረደ ሞተች ብሎ ሊቀብረኝ ይመጣል። መንገዱ ላይ ደግሞ እነዚህ አሉ።»

ወጥቼ ለሻለቃው «ሲኞር ማጆሬ፣ አሁን ካወረድነው ዝናብ በምሰሶው ገብቶ ቤታቸውን ያበሰብሰዋል። ምትክ ሠርቼ ነገ ላምጣ» አልኩት። ቁሩን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ወደ ማዶም አየ። ምን እንደገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። «ያንን የእሳት አጥፊውን ስጣት» አለ።

እሳት አጥፊው ግን ቀንድ የለውም። ኩክኒውን ቆርጬ ጣልኩ። ብር ሠሪው ጎረቤቴ ከመድፍ ቀለሃ ናስ ቆርጦ እንደ ቀንድ ጠቀለለልኝና በየደው። በአመድና በሎሚ ፈተግሁት፤ የሚከለክለኝ አልነበረም።

በማግስቱ ጎጆው ላይ ወጣሁ። አሮጌውን አንስቼ አዲሱን ወዲያው ደፋሁት። ወይዘሮ የውብዳር ግቢው መሃል ቆመው ያዩኛል።

«ወደ ግራ ዘንበል አድርገው» አሉኝ።

«እትዬ፣ የሚያምረው ቀጥ ሲል ነው።»

«አጣመው አልኩህ! የሠርጋችን ዕለት ጠጅ ጠጥቶ ነው የሰቀለው። አቅናው፣ አቅናው እያልኩ ስንት ዓመት ጨቀጨቅሁት፤ እምቢ እንዳለ ነው።» ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «ትንሽ ጨምር። አዎ። እንዲያ ነው።»

ሻለቃው ቁሩን ሲቀበለኝ እንደ ሕፃን አቀፈው። ወይዘሮ የውብዳር በየበዓሉ በአመድ ሲያስፈትጉት ኖረው ናሱ መፋቁን ሲያይ ግን አቃሰተ። ጣሊያን ሲለቅ ቁሮቹም ከእሱ ጋር ሄዱ።

ነፃነት በተመለሰ ሰሞን አንድ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወደቀ አርበኛ ሱቄ ገባ። «ጉልላቴን የቀየርከው አንተ ነህ?» አለኝ። አቶ ጥሩነህ መሆኑ ገባኝና ፈራሁ። «እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ።

«የእኔ አለመሆኑን እንዳየሁት ነው ያወቅሁት» አለኝ። «የእኔው ቀንዱ ረዘም ይላል። እሷ ብትሞት ነው ቤቱን ሌላ ሰው የያዘው ብዬ ልወርድ ስል ጓደኞቼ ያዙኝ። እየታገልኳቸው ደግሜ ሳየው ጠማማ ነው። ባዕድ ቢሆን ያቀናው ነበር። እንደዚያ አጣሞ የሚያሰቅል ከእሷ በቀር ማን አለ? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።»

ሊከፍለኝ ቢል «ለዚህ ሥራ ክፍያ የለም» አልኩት፤ አቅፎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ኮርቻ መስፋቱን ትቼ ዕድሜዬን በጥንት ዕቃ ሥራ ጨረስኩ። ለእናንተ ለወጣቶቹ የምላችሁ ይህን ነው። ምስማሩን፣ ገበሩንና ስፌቱን እዩ። ከዚያ በፊት ግን ዕቃውን ካለበት ሳታነሱ፣ አብሮት የኖረውን ሰው ጠይቁ።