በሳልሳ ቆርቆሮ ያደገው ፌንጣ

ዛሬ ጠዋት ልጄ በሳልሳ ቆርቆሮ ፌንጣ ይዛ መጣች። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የእርጥብ ሣር ሽታ በጣሊያን ጊዜ ወደነበረው የልደታ ግቢያችን መለሰኝ።

እናቴ ወታደሮቹን ስለምትፈራ ከበር አታስወጣኝም ነበር። እኔም ወንድ ፌንጣዬን ክንፍ ሳያወጣ ጀምሮ ብቻውን በቆርቆሮ አሳደግሁት። የሰፈሩ ልጆች የእነሱን ባንድ ቅርጫት ነው ያሳደጉት። አንድ ቀን ሴት ፌንጣ አጥራችን ሥር አምጥተው፣ የማን ወንድ እንደሚዘፍንላት ተወዳደርን። የእነሱ እግራቸውን ከክንፋቸው እያፋተጉ ዘፈኑላት፤ የእኔው ፈዞ ቀረ።

“ሙሽራሽ እንዳንቺ ሰው አያውቅም” አለችኝ ከልጆቹ አንዷ፣ አስካለ።

ሳለቅስ የሰሙኝ ጎረቤታችን ሸማኔው አባባ ወልዴ፣ “ሲዘፈን ሳይሰማ ከየት ያምጣው ልጄ? ከመሰሎቹ ጋር አውዪው” አሉኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ “አንቺም ስሚ” አሏት።

በአጥሩ አሳልፌ ከልጆቹ ቅርጫት ጨመርኩት። በአራተኛው ቀን ሴቷን እንዳየ ከሁሉም በልጦ ዘፈነላት። ወደ ቆርቆሮዬ መልሼው ከራሴ በላይ አንስቼ ስሮጥ፣ አስካለ ከኋላዬ እልል ስትል፣ መውጣቴን ያወቅሁት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስደርስ ነው። ዞር ስል እናቴ የተከፈተውን በር ይዛ ቆማለች፤ አልጠራችኝም።

“እማዬ፣ ውጪ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ልጫወት?” ትለኛለች ዛሬ ልጄ። እኔም እንደ እናቴ ፈሪ ነኝ። እጄ ግን የበሩ መቀርቀሪያ ላይ ነው።