መርዝ የተባለው ኩሬ

ፊደል የቆጠርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ሰው ይኼን ሲሰማ ያደንቀኛል፤ እኔን ግን የባከነው አርባ ዓመት ነው የሚያንገበግበኝ።

በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ መርሳ ላይ መብራት የለ፣ ማዳበሪያ የለ። ግራና ከሚባለው መንደር ካለችው ማሳዬ የሽንኩርት ችግኝ አፍልቻለሁ፤ የማጠጣውም ዝናብ ካጠራቀምሁባት ኩሬ ብቻ ነው። ወታደሮች አጠገቧ ሳምንት ሰፍረው ሄዱ። በሄዱ በሦስተኛው ቀን ኩሬዋ አረንጓዴ ቅጠል መሰለች።

«መርዘዋታል!» አለ ሰፈሩ።

ጎረቤቴ ሽማግሌው አካፋ ይዘው መጡ፤ ከብቶቻቸው የሚጠጡት ከዚያው ነው።

«አፍስሳት! አለዚያ ግድቧን የምንደው እኔው ነኝ።»

«አባቴ፣ ችግኜስ?»

«ችግኝህ ከላሜ ሊበልጥ ነው?»

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የልጄ የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መጽሐፍ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ እኔ አነበብሁት። ዩግሊና የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ባለ አንድ ሴል ፍጡር አለ ይላል። እንደ ጅራፍ በቀጠነ ጭራው እየቀዘፈ ወደ ብርሃን ይሄዳል፤ ሲበዛ ውሃውን አረንጓዴ ያደርጋል።

«እስከ ነገ ቀትር ይታገሡኝ» አልኋቸው።

«ትናንት ፊደል ቆጥሮ ዛሬ ሐኪም ሆነ!» ብለው ሳቁብኝ፤ ግን ታገሡኝ።

ውሃውን በብርጭቆ ቀዳሁ። በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ በአንድ ጎኑ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተውሁና በር ላይ አስቀመጥሁት። በማግሥቱ ፊታቸው ገለጥሁት። አረንጓዴው ሁሉ ቀዳዳዋ በነበረችበት በኩል ተሰብስቧል።

ሽማግሌው ብርጭቆውን ቀስ አድርገው አንሥተው ዙሪያውን አዩት።

«ወላሂ፣ ሄዷል!»

«መርዝ ብርሃን ፍለጋ አይሄድም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። መጽሐፉ ግን ፍግ የገባበት ውሃ ይስማማዋል ይላል፤ ማዳበሪያ ቢጠፋ ከኩሬዋ በላይ ፍግ የከመርሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ዝናቡ አጥቦ አስገብቶታል። ወታደሮቹ ስንት ነገር አድርገውናል፤ ይኼ ግን የእኔ ሥራ ነው። ነገርኋቸው።

«አንተ ደንቆሮ!» አሉኝ። አካፋቸውን ይዘው ወደ ግድቡ የሚያመሩ መሰለኝ። ወደ ፍጉ ነበር የሄዱት። አንዴ ዛቁና ዞር አሉ።

«ምን ቆመሃል? ና ፍጉን አብረን እናንሣውና፣ ችግኝህን ሳይደርቅ አጠጣ!»

ከብቶቹ ውሃው እስኪጠራ ራቅ ወዳለው ወንዝ ወረዱ። ሽንኩርቴ ግን ያንኑ አረንጓዴ ውሃ ጠጥቶ ጸደቀ።