ያልታዘዘችው ዋናተኛ

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ቤተ ሙከራዬን ሊቀማኝ ካሰበ ቆይቷል። አሶሳ ውስጥ ኮሌጃችን ያለው ክፍል ጥቂት ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለተኛ ቢሮ አምሮታል። «መጫወቻህን ሰብስብና ልቀቅ» ይለኛል ኮሪደር ላይ ባገኘኝ ቁጥር።

መጫወቻ የሚላት ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ሮቦት ናት። ጭንቅላቷ ወርቅ አጣቢዎች ከሚጥሉት፣ ማግኔት ከሚስበው ጥቁር አሸዋ በሙጫ የተሠራ ነው፤ ጭራዋ ቀጭን ክር። ከተቃጠሉ የውሃ ፓምፖች የፈታሁትን የመዳብ ሽቦ ጠቅልዬ ወፍራም ግሊሰሪን በሞላሁበት ሳህን ዙሪያ አቁሜያለሁ። ኤሌክትሪኩን ሳፈራርቅበት የሚፈጠረው የማግኔት ኃይል ጭንቅላቷን ሲነቀንቀው ጭራዋ ይወዛወዛል፤ እሷም ግሊሰሪኑን እየቀዘፈች ወዳዘዝኳት ትሄዳለች። አንድ ቀን እንዲህ ያለችው መድኃኒት ተሸክማ በደም ሥር ትዋኛለች ስለው ሰውዬው ያዛጋል።

ሥራችንን ሊጎበኙ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። «መጫወቻው ከሠራለት ክፍሉ የእሱ ይሁን» አለ ኃላፊው በእነሱ ፊት። እንደማይሠራልኝ እርግጠኛ ነበር።

ወደ ግራ አዘዝኳት፤ ወደ እሱ ሄደች። ወደ ቀኝ አዘዝኳት፤ አሁንም ወደ እሱ። ሆዱን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ሳህኑ ላይ አጎንብሷል። «ይቺ እንኳ ያልታዘዘችለት ሰው ክፍል ምን ያደርግለታል?» ሲል እንግዶቹ ሳቁለት።

ደሜ ፈላ። ሽቦውን ስነካካ ዓይኔ የጃኬቱ ኪስ ላይ አረፈ፤ የሆነ ነገር ከብዶት ሳህኑ አጠገብ ተንጠልጥሏል። እዚህ ወርቅ የሚገዛ ሰው ማግኔት ይዞ ይዞራል፤ ከመመዘኑ በፊት ዱቄቱ ላይ እያሳለፈ ጥቁሩን አሸዋ ይለቅምበታል። ሰውዬው በድብቅ ወርቅ ይገዛል ሲባል ሰምቻለሁ።

«ኪስዎ ውስጥ ያለውን ማግኔት ያውጡልኝ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ቁልፍ ነው» አለና ከጠረጴዛው ራቀ። ወዲያው ሮቦቷ ዞረች፤ ያዘዝኳት ጥግም ደረሰች። ሳቁ ቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ የሰውዬውን ኪስ እያየ «የምን ቁልፍ ነው?» ቢለው ኪሱን በእጁ ሸፈነ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ሸኝቷቸው ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «እሷስ ደረሰች፤ አንተን ግን እናያለን» ብሎኝ አለፈ።

እንግዶቹ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ክፍል የሚደለድለው እሱ ነው። ሰኞ ጠዋት ስገባ ቁልፌ በሩን አልከፍት አለኝ። ዕቃዬ በካርቶን ታጭቆ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል።

አንኳኳሁ።

«ቀጠሮ አለህ?» አለኝ ከውስጥ።