ማኅደር የቀናችበት ኮምፓይለር

ማኅደር ቅናትን ያወቀችው ከፊደል በፊት ነው። ታላቅ እህቷ የጫማዋን ክር ማሰር ስትችል እሷ ስላልቻለች ምሳ አልበላም ብላ ያመሸች ልጅ ነበረች። አባቷ የሶዶ ሰው፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ይቺ ልጅ ጥላዋ ቀድሟት ከሄደ በሱም ትቀናለች» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ቅናቷ ግን ሰነፍ ቅናት አልነበረም። የቀናችበትን ነገር እጇ ሳታስገባ እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ የሰፈር ልጅ ሬዲዮ ጠገነ ሲባል ሬዲዮ ጠገነች። አምስት ኪሎ ገብታ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማረችውም የዚያው ልጅ ስም እዚያ በተመደቡት ዝርዝር ላይ ስለነበረ ነው ይባላል።

ተመርቃ ገርጂ ውስጥ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች የኤሌክትሮኒክስ ወርክሾፕ ተቀጠረች። እዚያ ሰርኪዩት የምትነድፈው እሷ ብቻ ነበረች። እርሳሷን ቀርጻ፣ ማስመሪያዋን ይዛ፣ ከታች የሚመጣው የዳቦ ሽታ ጣቶቿን እያሞቀላት፣ ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን መንገድ በወረቀት ላይ ታሰምራለች። ብየዳውን የሚሠራው ሙዘሚል፣ «ያንቺን ንድፍ ስበይድ የሠርግ ቀሚስ የምጠልፍ ይመስለኛል» ይላታል። ይቺን ቃል ማኅደር እንደ ጌጥ አንገቷ ላይ አስራት ትውላለች።

በ1991 ዓ.ም. መስከረም ላይ የወርክሾፑ ባለቤት አቶ ወልደጻድቅ ለእህል ነጋዴዎች የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ሊሠሩ ተዋዋሉ። በዚያው ሰሞን ሳና የምትባል ወጣት ተቀጥራ መጣች። የወሎ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ሕንድ አገር ተምራ ገና መመለሷ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ በፍሎፒ ዲስኮች የተጫነ አንድ ፕሮግራም ነበራት። ኮምፓይለር ትለዋለች።

ሳና እርሳስ አልያዘችም። ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ እንደ ትእዛዝ ጻፈች፦ ክብደቱን አንብብ፣ የጆንያውን ቀንስ፣ ቀሪውን አሳይ። ኮምፓይለሩ ጽሑፉን አነበበና ሰርኪዩቱን ራሱ ነደፈው። ማኅደር ሁለት ወር የምትደክምበት ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ንድፉ የውስጥ ሽቦው በትእዛዝ በሚገናኝ ባዶ ቺፕ ላይ ተጫነ፤ ቺፑም ሠራ።

አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አሁን ይሄ፣ በሰው ቋንቋ ነግረሽው በሽቦ ይመልስልሻል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው ጋሼ።»

ማኅደር እርር ድብን አለች። በሳና ብትቀና አንድ ነገር ነው፤ ሳና ሰው ናት። እሷ የቀናችው ግን እጅ በሌለው ነገር ነው።

«ማን ፈትኖት ነው የምናምነው?» አለች።

«አንቺ ፈትኚው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ። ከዚያ ውሳኔያቸውን ተናገሩ፦ እስከ ኅዳር ሚካኤል ሁለቱም የሚዛኑን ሰርኪዩት ያምጡ፤ የተሻለው ሚዛኑ ውስጥ ይገባል፣ የነደፈችውም ከዚያ ወዲያ የንድፍ ሥራውን ትመራለች።

ማኅደር የራሷን ንድፍ ጠዋት ጠዋት እየሠራች ከሰዓት በኋላውን ለፈተናው ሰጠችው። አንድ ነገር ቶሎ ገባት። እሷ የምትጽፈው ፈተና እሷኑ ይመስላል፤ እሷ ያላሰበችውን ስሕተት አያገኝም። ስለዚህ እንደ እቁብ እጣ እንዲወጣ ወሰነች። በእቁብ ማንም ዳኛውን አዳላህ አይለውም፤ የሚያወጣው ጣሳው ነው። ቁርጥራጭ ወረቀቶች ላይ «ደምር»፣ «ቀንስ»፣ «ድገም»፣ «ከበለጠ»፣ ሌላም ሌላም እየጻፈች ጠቀለለቻቸውና በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀላቀለቻቸው። በወጣው ተራ ፕሮግራም ይጻፋል። ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ እንዲሁ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ኮምፓይለሩ ሰርኪዩት ያደርገዋል። ሁለቱ መልሶች ከተለያዩ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው።

ሳና ትከፋለች ብላ ጠብቃ ነበር። ሳና ግን ወንበሯን ስባ መጣች።

«ነይ እኔ ላውጣ፣ እጄ ገደኛ ነው።»

«የገዛ ልጅሽን ልታስወግሪ ነው የመጣሽው?» አለ ሙዘሚል ከብየዳው ሳይነሳ።

«ልጄ ንጹሕ ከሆነ ምን ይሆናል? ሌባ ከሆነ ደግሞ ቤቴ አላሳድረውም» አለች ሳና፤ ሳቀችም።

ይሄ መልካምነቷ ነው ማኅደርን የባሰ ያንገበገባት። የሚቀናበት ሰው ክፉ ቢሆን ምን ነበረበት?

ጥቅምት እንዲሁ አለፈ። እጣው ወጣ፣ ተጻፈ፣ ተሠራ፤ መልሶቹ ሁሌ አንድ። አንዳንዴ ኮምፓይለሩ የነደፈውን ስታይ እርሳሷን ታስቀምጣለች። ሁለት ድምር በአንድ መደመሪያ ክፍል ተራ በተራ እንዲያልፍ አድርጎ፣ እሷ በሕልሟ ያላየችውን አቋራጭ ቀድዶ ታገኘዋለች። ውብ ነበር። ወደ ቤቷ በምትሄድበት ታክሲ ውስጥ ያ አቋራጭ ዓይኗ ላይ እየዞረ ወራጅ ማለት ትረሳለች።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ ኮምፒዩተሩ ከዜሮ በታች ሦስት አለ። ሰርኪዩቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት አለ።

ማኅደር ደገመችው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት።

«ዋሸ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ብታደርገውም ደስታው ከአፏ ፈሰሰ።

ሳና መጥታ አየች። «ዋሽቷል። ግን የቱ ላይ? ፕሮግራሙ ረጅም ነው፤ እንልቀመው።»

እንደ ምስር ለቀሙት። አንድ መስመር ያወጣሉ፤ ስሕተቱ አሁንም ካለ መስመሩ ንጹሕ ነበር ማለት ነው፤ ይጣላል። ከጠፋ ይመልሱታል። በመጨረሻ ሁለት መስመር ብቻ ቀረ፦ ከትንሽ ቁጥር ትልቁን ቀንስ፣ ውጤቱን ለሚቀጥለው ዙር አቆይ። ኮምፓይለሩ ሽቦ ለመቆጠብ ሲል «ከዜሮ በታች» የሚለውን ምልክት የምትይዘዋን ሽቦ ቆርጧታል፤ ያለ እሷ ከዜሮ በታች ሦስት፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ላይ ሦስት ተቀንሶ ይነበባል።

«ሚዛን ላይ ከዜሮ በታች የት ይመጣል?» አለች ሳና። «ጆንያው ሁልጊዜ ሚዛኑ ላይ ነው።»

«እህል በረንዳ ገብተሽ አታውቂም እንዴ?» አለች ማኅደር። «ባዶውን ጆንያ ይጭኑታል፣ ሚዛኑን ዜሮ ያደርጉታል፣ ከዚያ ጆንያውን አንስተው ክምሩ ጋ ይሞሉታል። ያን ጊዜ ሚዛኑ ከዜሮ በታች ነው።»

ሳና ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። ከዚያ የሚዛኑን ትእዛዝ በሌላ መንገድ አዙራ ጻፈችው፤ ሽቦዋ ተመለሰች። አቶ ወልደጻድቅ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ካወቅነው ታዲያ ምን ችግር አለው?» አሉ።

ማኅደር ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ እኔ አንድ የማንቂያ ደወል ስነድፍ አንዴ ብሳሳት ዓመት ሙሉ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አውርተውብኛል። እሱ ሲሳሳት 'ካወቅነው' ይባላል?»

«እሱ እኮ አያኮርፍም» አለ ሙዘሚል።

በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ የማኅደር ንድፍም ያለ እንከን ሠራ። ነጋዴዎቹ ግን የሁለት ዓይነት ጆንያ ክብደት የሚያስታውስ ቁልፍ ይጨመርልን አሉ። ሳና ከምሳ በፊት ጨመረችው። ማኅደር ከመጀመሪያው መስመር መነሳት ነበረባት። አቶ ወልደጻድቅ ዓይኗን ሳያዩ፣ «የሳና ይገባል፤ ንድፉንም እሷ ትመራለች» አሉ። «አንቺ ሳትፈትኚው ግን ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም።» ማኅደር ወረቀቷን ጠቀለለች። አላለቀሰችም፤ ቤቷ ስትደርስ ግን እራት አልበላችም።

የመጀመሪያውን ሚዛን ላምበረት ለሚነግዱት ለወይዘሮ ሸሪፋ አብረው ወሰዱት። ሴትዮዋ ባዶ ጆንያ ጫኑ፣ ቁልፉን ተጫኑ፣ ጆንያውን አነሱ። በዚያች ቅጽበት ማኅደር በሙሉ ልቧ ሁለት መቶ ምናምን ይበል ብላ ተመኘች። ሚዛኑ የመቀነስ ምልክቱን አወጣና ትክክለኛውን አለ። ደግመው አነሱ። ትክክል አለ።

«ከሁለታችሁ የሠራችው ማን ናት?» አሉ ወይዘሮ ሸሪፋ።

«እሷ ናት» አለች ማኅደር ወደ ሳና እየጠቆመች። «እኔ እስኪሳሳት የምጠብቀው ነኝ።»

ሴትዮዋ ወረቀት አቀበሏት። «እንዲያ ከሆነማ የቢሮሽን ስልክ አንቺ ጻፊልኝ። ቢበላሽ የምፈልገው አንቺን ነው።»

ማኅደር ቁጥሩን ጻፈች። ቀና ስትል ሳና ስልክ ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት እያየች ከንፈሯን ነክሳ ቆማ ነበር። ያንን ፊት ማኅደር በደንብ ታውቀዋለች፤ መስታወት ላይ አብሯት ያደገ ፊት ነው። እስከ ታክሲው ድረስ የሳናን ክንድ ይዛ ሄደች፤ ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ አለቻት።