ለመሳለሚያ የተጠየቀ በጀት

ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት የብስክሌት መንገዶችን የሚያገናኘውን አዲስ መንገድ ንድፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። መንገዱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያልፋል። አንድ ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ ቢሮዬ ድረስ መጡና፣ «ልጄ፣ በሩ ላይ ሰው ከብስክሌቱ ወርዶ የሚሳለምበት ሰፋ ያለ ቦታ ጨምርበት» አሉኝ።

ቱግ አልኩ። «አባ፣ ንድፍ ሲቀየር እኮ ተጨማሪ በጀት ይፈልጋል! ለመሳለሚያ ብዬ በጀት ልጠይቅ? ሰዉ እየነዳ ይሳለም!»

«ይሁን» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

ነገሩ ግን ከበጀት ኃላፊዎቹ ጆሮ ደርሶ ኖሮ ቦታውን እንይ አሉ። ምንም ለውጥ እንደማያስፈልግ ላሳያቸው ብስክሌት ተውሼ፣ በኖራ የተሰመረውን መስመር ይዤ ፊት ፊታቸው ነዳሁ። በሩ ጋ ስደርስ አንዱ እጄ እኔን ሳያማክር ባርኔጣዬን አወለቀ፤ ሌላው ለማማተብ ወደ ግንባሬ ተነሣ። መሪውን የሚይዝ እጅ አልተረፈም። መንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ተዘረርኩ።

ኃላፊዎቹ ሊያነሡኝ ሮጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁሉም ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ረጋ ብለው ተሳለሙ።

በጀቱ የተፈቀደው ያኔ ነው፤ እኔ ገና ከቦዩ ሳልወጣ።