የወይራው የቀን ገበታ

ወንድሜ የአባታችንን የቀን ገበታ ፈልጦ አነደደው። የተበደልሁት ይኸው ነው፤ አላሳምረውም።

ዘመን በተለወጠ ቁጥር ላሊበላ ውስጥ አሮጌውን ካላንደር ከግድግዳ እያወረዱ ቦይ ዳር ያቃጥሉታል። ወረቀቱ በፕላስቲክ የተለበጠ ነውና ቶሎ አይነድም፤ ይኮማተራል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ጉሮሮ ይይዛል። የተረፈውን ጎርፍ ወደ ገደሉ ይጠርገዋል፣ ከብትም ይበላዋል። ትናንትም ሸተተኝ። ይህ ሽታ ሲመጣ አባቴ ከፊቴ ይቀመጣል።

ቤታችን ከገነተ ማርያም በላይ፣ ተረተሩ ላይ ነበር። አባቴ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። ገበታውን አያቴ ከአንድ የወይራ ግንድ ጠርቦ ነው ያወረሰው፤ ሠላሳ ቀዳዳ ለቀኑ፣ አሥራ ሦስት ለወሩ፣ ሰባት ለዕለቱ፣ አራት ለወንጌላውያኑ። ጎህ ሲቀድ አባቴ ችካሏን ነቅሎ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ሲሰካት ቀጭ የምትለው ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ችካሎቹ ወደ ራሱ ይመለሳሉ፤ የሚጣል ነገር የለም። እንጨቱ በእጅ ብዛት ወዝቶ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።

ትምህርት ቤት የተላከው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ ለእርሻው ቀረሁ። ፊደል የሚባል ሳላውቅ ግን ዓመቱን በጣቴ አነብ ነበር። ማኅበር የሚደግሰው፣ ተዝካር የሚያወጣው ሁሉ ቀን የሚጠይቀው አባቴን ነው። ዓይነ ስውር ሆኖም አገር የሚያስፈልገው ሰው ነበር።

ወንድሜ ኩልመስክ አስተማሪ ሆኖ፣ በነሐሴ ለክረምት ዕረፍት ሲመጣ የሚያብረቀርቅ ካላንደር ይዞ መጣና ግድግዳው ላይ ቸነከረው። ለተማሪዎቹ ዛፍ አትቁረጡ እያለ የሚያስተምር ሰው ነው።

«ወረቀቱ ከምን ይሠራል?» አለው አባቴ።

«ከዛፍ ነው፣ አባየ።»

«በያመቱ?»

«በያመቱ።»

«የኔዋ ወይራ አንድ ጊዜ ተቆርጣ ሁለት ሰው ጦረች። ያንተው ስንት ዛፍ ሊበላ ነው?»

ወንድሜ ሳቀ።

በሌላ ቀን አባቴን ይዤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናብ ያካፋል፣ የጎረቤቱ ሁሉ ጎጆ በእርጥብ እንጨት ታፍኖ ይጨሳል። በራችን ሳንደርስ አባቴ ቆመ። «ወይራ ማን አነደደ?» አለ። ወንድሜ ደረቅ እንጨት ሲያጣ ገበታውን ፈልጦታል። የተሰነጠቀ ሳንቃ ነው፣ ወረቀቱ ተሰቅሎ ምን ያደርጋል ብዬ ነው አለ። ያን ዕለት በገጀራ ልለው ነበር፤ እናቴ ናት የያዘችኝ። ሽማግሎች ተቀምጠው፣ በገዛ እጁ ሌላ ጠርቦ አባቱ እጅ ላይ እንዲያኖር ፈረዱበት። ጠመኔ እንጂ መጥረቢያ የማያውቅ እጅ ይዞ ኩልመስክ ሄደ።

አሁን በጎልማሳ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ካላንደሩን አነበዋለሁ። ከባንኩ ማስታወቂያ ሥር ቀኑን ፈልጎ ማግኘት ነው ጭንቁ። ያኔ ግን አባቴም እኔም እኩል ታወርን።

አባቴ ወረቀቱን እምቢ ብሎ በልቡ ይቆጥር ጀመር። ጳጉሜን ላይ ንዳድ ጣለው። ዘመኑ የሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት፤ እሱ ግን አምስት ብሎ ዘጋትና ዕለቱንም ከቀኑ ጋር አሻግሮ አገሩን በአንድ ቀን ቀደመ። ማክሰኞን ረቡዕ ነው ብሎ ይጦማል፣ ረቡዕን ሐሙስ ነው ብሎ ወተት ይጠይቃል። ብንነግረው ወረቀታችሁ ነው የሳተ ይላል። የመስቀል ደመራ ሲለኮስ ሰምቶ፣ ዘንድሮስ ቀሳውስቱም በወረቀት ገቡ አለ። ቀን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ቀረ፤ የሚመጣው አንድ ተረበኛ ጎረቤት ብቻ ሆነ።

«እንዴት ነው አባ፣ ነገ ደኅና ዋለ?»

«ትደርስበታለህ» ይለዋል አባቴ።

እናቴ ረቡዕና ዓርብ ሱፍ ጨምቃ በወተቱ ዋንጫ ትሰጠዋለች። ዝም ብሎ ይጠጣል።

ወንድሜ ገበታውን ጠርቦ በእግሩ መጣ፤ መዳፎቹን በጨርቅ ጠቅልሏል። ችካሎቹን በየቦታቸው ሰክቶ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠው። የአባቴ ጣት በወሩ ላይ ሄደች፣ በቀኑ ላይ ሄደች፣ ከወንጌላውያኑ ስትደርስ ቆመች።

«ዮሐንስ» አለ። «ሉቃስ አልፏል። ጳጉሜን ስድስት ነበረቻ።»

ጣቱ ወደ ዕለቱ ቀዳዳዎች ተሻገረች።

«እንግዲያ ዛሬ ረቡዕ ነው።»

እናቴ ዋንጫውን እንደያዘች ቆማ ነበር። «አይዘኑ፣ አልገደፉም። የረቡዕና የዓርቡ ሁሉ ሱፍ ነው ያጠጣሁዎ።»

«ሱፍ መሆኑን መች አጣሁት። ላሚቱ ነጥፋ ታፍሪብኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልሁ።»

የወንድሜን እጅ ፈልጎ ያዘ፤ ጨርቁን ገልጦ ቁስሉን ዳበሰ። በደሉን አላነሳበትም። ገበታውን ግን ወደኔ ገፋው። «አንተ ያዘው። የኔ እጅ ከእንግዲህ ትስታለች።»

እስኪሞት ድረስ ዛሬ ስንት ነው ብሎ ማንንም አልጠየቀም። የገበታው ነገር ያለቀው በዚያው ዕለት፣ መስከረም ሃያ አራት ቀን፣ ረቡዕ ነው።